ለጊዜው

ባሕሩ በረዶ ለብሶ፣ ጀልባዋ ወደብ ታስራ፣
ደሴታችን ሳሬማ በጥር አንገቷን ቀብራ፣
የመድኃኒት ቤቶቹን ፕሮግራም ከፍቼ አያለሁ፤
ከዘጠኝ ዓመት ኮድ ውስጥ ስሕተት እለቅማለሁ።
አራት ሺህ መስመር ወርጄ
አንዲት አጭር መስመር ላይ ቆመ እጄ።

ሥራዋ በር መጠበቅ ነበር።
ከማዶ ያለው ሰርቨር "እኔ ነኝ" ብሎ ሲመጣ፣
"ማነህ?" ልትለው፣ "ሰርተፍኬትህን አምጣ፤
ስምህ ከጠራሁት ስም ይገጥማል?
ወይስ ቀንህ አልፏል?
ዋስህ ማነው? ለዋስህስ ማን ዋስ ሆነ?"
እያለች፣ ማኅተም ከማኅተም እያስተያየች፣
ሁላችን አምነን እስከተቀመጥንበት ሥር ድረስ ልትወርድ።

ይህን ሁሉ ትታ
የምትመልሰው አንድ ቃል ነው፤ እውነት።

ስሙ የሌላ ቢሆን፣ እውነት።
ቀኑ ካለፈ ሦስት ክረምት፣ እውነት።
ራሱ ለራሱ ዋስ ሆኖ፣ በገዛ ቀለሙ ያተመ፣
ትናንት ማታ ተወልዶ ዛሬ በር ላይ የቆመ፣
እውነት።

ውሸት ብዙ ቃል የሚፈልግ ይመስለኝ ነበር፤
ለካ አንድ ይበቃዋል፣
ያውም "እውነት" የሚል።

ከጎኗ ማስታወሻ አለ፤
"ለጊዜው ነው። ነገ ይጠፋል።"
ነገ!
ዘጠኝ ዓመት የፈጀ ነገ።

ደሜ ፈላ።
የወይዘሮ ሂልያን ኢንሱሊን፣
ኤልማር ለሚስቱ ያልነገራትን የእንቅልፍ ክኒን፣
በተበረገደ በር እንዲያልፍ የፈረደው ማነው?
ራንዶን ጠረጠርኩ። ችኩል ነበር፤
ደግሞም ታሊን ገብቷል፣ ለመውቀስ ይመቻል።
የፕሮግራሙን መዝገብ ጠየቅሁ። መዝገብ ፊት አያይም።
"ሊቪካ ታምሜ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል" አለኝ።

ሊቪካ ታምሜ እኔ ነኝ።

ያን ሌሊት አስታውሳለሁ፣ ወይም ያስታወስኩ ይመስለኛል።
የመሞከሪያው ሰርቨር ሰርተፍኬት ቀኑ አልፎ፣
ጠዋት የጤና ቢሮ ሰዎች ሊመጡ፣
ማሽኑ በቀይ ጽሑፍ "አላምንም" ይለኛል፣ "አላምንም" ይለኛል፣
እኔ ትኩሳት የያዘው ልጅ ቤት ጥዬ፣
"እመን በቃ!" አልኩት።
አመነ።
ማሽን የነገሩትን ይይዛል እንጂ
የነገሩበትን ሌሊት አያውቅም።

ዛሬ አጠፋኋት።
በቦታዋ ሠላሳ አንድ መስመር ጻፍኩ፤
ስም፣ ቀን፣ ዋስ፣ የዋስ ዋስ፣
የጣት አሻራውን ሳይቀር ፊደል በፊደል አመሳከርኩ።
አንዱ ካልገጠመ በሩ አይከፈትም።
ያ ፕሮግራም በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ
"ሐሰት" የማለት መብት አገኘ።

ሲነጋ፣ በጥር እዚህ ሦስት ሰዓት ላይ ነው የሚነጋው፣
ሃያ ሁለቱ መድኃኒት ቤቶች ገጠሙ፣ አረንጓዴ በአረንጓዴ።
ሃያ ሦስተኛው፣ የወደቡ ዳር፣ እምቢ አለ።
ኡርቬ ደወለች፤
"ምን ነካካሽው? ትናንት እኮ ይሠራ ነበር!"

ትናንት ይሠራ ነበር።
የቀረበውን ሰርተፍኬት ከፍቼ አነበብኩ፤
ስሙ የእኛ ነው። ቀኑም ደህና።
ዋሱን ግን አላውቀውም፤
ዋሱም ዋስ የለውም።

አንድ ሰው መካከል ላይ ተቀምጧል፣
ወይም ማንም ያልነቀለው አንድ ያረጀ ሣጥን።
ከመቼ ጀምሮ?
ከትናንት ይሁን፣ የዛሬ ስምንት ዓመት፣
መዝገቡን ገለበጥኩ። ባዶ ነው።
እምቢ ብሎ የማያውቅ በር
ማንን እንዳሳለፈ አይጽፍም።

ስልኩ አሁንም ጆሮዬ ላይ ነው።
ከኡርቬ ጀርባ ሰልፉ ይሰማኛል፣
የሚያስል ሰው፣ በረዶ ከጫማው የሚያራግፍ ሰው።
"ሊቪካ፣" ትለኛለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣
"ለጊዜው እንኳ ክፈቺልን።"